የታመመን ልጅ ከመድኃኒቱ የሚነጥል እምነት የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ክኒን የሚውጥ ሰው በእግዚአብሔር አልታመነም።» ይህ ቃል ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ፥ በየጸበሉ ቦታና በየማኅበሩ ጉባኤ እንደ ሃይማኖት ትምህርት ሲነገር ይሰማል። የሚናገሩት ሰዎች መናፍቃን አይደሉም፤ አብዛኞቹ የሚጾሙ፥ የሚያስቀድሱ፥ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀኑ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ቃሉ ግን የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ከመጽሐፍም፥ ከአባቶችም፥ ከሥርዓታችንም አልተገኘም። ይህን የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ ሌሎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ይህንኑ ቃል ለአንዲት እናት በገዛ አፌ ተናግሬዋለሁና።

ባለፈው ዓመት ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እኒህ እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቀው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ልጃቸው የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምር ነው፤ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። «ዲያቆን፥ ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን እየዋጠ ጸበል ቢጠመቅ ኃጢአት ይሆንብናል ወይ?» አሉኝ። እኔም አባቶችን ሳልጠይቅ፥ መጽሐፍም ሳልገልጥ፥ «እምነትና ክኒን አብረው አይሄዱም፤ ክኒኑን ይተዉትና እመቤታችንን አጥብቀው ይያዙ» ብዬ መለስሁላቸው። እናት እጅ ነሥተው ሄዱ። ይህ ጽሑፍ ያ መልስ ስሕተት እንደ ነበረ ለመግለጥ የተጻፈ ነው።

የልጁ ሕመም

ልጁ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ በየሦስትና በየአራት ወሩ የሚመጣ አንድ ነገር ነበረበት። ብዙ ጊዜ ጉንፋን ይቀድመዋል። ከዚያም እንቅልፍ ይጥለዋል። በቀን 18 እና 20 ሰዓት ይተኛል፤ የሚነሣው ለመብላትና ለመጸዳዳት ብቻ ነው። ሲቀሰቅሱት ዐይኑ ይገለጣል፤ ነገር ግን የሚያየውን ዓለም እንደ እውነተኛ ዓለም አይቈጥረውም። «ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል» ይላል። እንደ ሕፃን ያለቅሳል፥ ይቈጣል፥ ያገኘውን ሁሉ ያለ ልክ ይበላል። በዐቢይ ጾም ሥጋ አምጡልኝ ብሎ ቤቱን አስጨንቋል። አልፎ አልፎም ከወትሮው ጨዋ ጠባዩ የማይጠበቅ ነውረኛ ቃል ከአፉ ይወጣል። ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ቀን እንዲህ ከቈየ በኋላ አንድ ማለዳ ይነሣና «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትምህርቱን ይማራል፥ ከበሮውን ይመታል፥ ያስቀድሳል።

ስለዚህ ልጅ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ ፈተና የሚሸሽ ሰነፍ ነው አለ፤ ሌላው ሐሺሽ ጀምሯል አለ፤ ሦስተኛው ዛር ነው፥ መተት ነው፥ ዐይነ ጥላ ነው አለ። ሐኪም ቤቶችም ወባ፥ ታይፎይድ፥ የሚጥል በሽታ እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው አንከራተቱት። በመጨረሻ አንድ የነርቭ ሐኪም የልጁን ታሪክ ከመጀመሪያው በትዕግሥት አዳመጡ፤ የአንጎል ሥዕልና የኤሌክትሪክ ምርመራ አስደርገው ሌሎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ ካስወገዱ በኋላ ስሙን ነገሯቸው፤ ክላይነ ሌቪን የሚባል ሕመም ነው።

ይህ ሕመም እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚያገኝ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ሰው መካከል ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪሊ ክላይነ በ1925 እ.ኤ.አ.፥ አሜሪካዊው ማክስ ሌቪን ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፤ በስማቸው መጠራት የጸናውም እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ማክዶናልድ ክሪችሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ሲሆን፥ ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል። መንሥኤው እስከ ዛሬ በውል ባይታወቅም፥ በሕመሙ ሰዓት በተነሡ የአንጎል ሥዕሎች ላይ እንቅልፍንና ንቃትን በሚያስተባብረው የአንጎል ጥልቅ ክፍል፥ በታላመስ፥ የደም ዝውውር ቀንሶ ታይቷል። ጉንፋንን የመሰለ ሕመም፥ እንቅልፍ ማጣትና የአልኮል መጠጥ እንደሚቀሰቅሱት ይታወቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ብዙ ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በአብዛኞቹ ላይ እየደከመ ይጠፋል። ነገር ግን የሚወስደው የወጣትነትን ዘመን ነው።

ለዚህ ልጅ የታዘዘለት ሊቲየም የተባለ መድኃኒት ነበር።

በጸበሉ ቦታ የሆነው

እናቱ የእኔን ቃል ሰሙ፤ የሐኪሙንም ቃል ፈሩ። በሁለቱ መካከል ተጨነቁ። ስለዚህ ልጁን ለሱባዔ ወደ ጸበል ወሰዱት፤ ክኒኑን ግን ማታ ማታ ማንም ሳያይ ይሰጡት ነበር። ለአጥማቂው አልነገሩም፤ ይቈጧቸዋልና። ለሐኪሙም ልጁ እየጾመ እንደ ሆነ አልነገሩም፤ ይንቋቸዋልና። እኔም ሱባዔውን ለመያዝ አብሬ ነበርሁ።

ልጁ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ከዚያም ጸበሉን በብዛት ይጠጣል፥ ያስመልሳል፥ ደግሞም ያስቀምጠዋል። የሚበላው ጥቂት ቆሎ ነበር። በስድስተኛው ቀን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሰባተኛው ቀን አንደበቱ ተሳሰረ፤ ሲራመድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ የሚጠይቁትን አያስተውልም። በዙሪያው የቆመው ሕዝብ «ተጋለጠ! ሊወጣ ነው!» ብሎ እልል አለ። እልል ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።

የተጋለጠው ግን መንፈስ አልነበረም። የሊቲየም መጠን በደም ውስጥ ሲበዛ የሚታየው ምልክት ይኸው ነው፤ መንቀጥቀጥ፥ የአንደበት መተሳሰር፥ መንገዳገድ፥ የአእምሮ መደነጋገር። ሊቲየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ሰው ሲያስመልስና ሲያስቀምጠው፥ ውኃና ጨው ሲጐድልበት፥ ኩላሊት ሊቲየሙን ከማስወጣት ይልቅ መልሶ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ትናንት የሚጠቅመው ክኒን ዛሬ መርዝ ይሆናል። እናቱ እያለቀሱ ክኒኑን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ባያሳዩን ኖሮ፥ እኛ እልል እያልን ልጁ ይሞት ነበር። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ገባ፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፤ መድኃኒቱ እንዲቆም ተደረገ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። ልጁን ለአደጋ ያበቃው ጸበሉ አይደለም። ክኒኑም ብቻውን አይደለም። ሁለቱ እንዳይተዋወቁ ያደረገው የእኛ ፍርድ ነው። «ክኒን የሚውጥ አልታመነም» ስንል ሰዎች ክኒኑን አይተዉም፤ ይደብቁታል። የተደበቀ መድኃኒት ደግሞ ይገድላል። እናቱ ሳይፈሩ ለአጥማቂው «ልጄ እንዲህ ያለ መድኃኒት ይወስዳል»፥ ለሐኪሙም «ልጄ ሊጾምና ሊጠመቅ ነው» ብለው ቢሆን ኖሮ፥ አንደኛው የሚጠጣውን ይመጥን፥ ሁለተኛው ክኒኑን ያስተካክል ነበር። አፋቸውን የዘጋነው እኛ ነን።

መንቃቱ ምስክር ይሆናልን?

«እኔ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሆኖ ሰባት ቀን ተጠምቆ ነቅቷል» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች እንደማይዋሹ አውቃለሁ። ነገር ግን የዚህን ሕመም ጠባይ ልብ እንበል። የሚመጣው በየጊዜው ነው፤ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ቈይቶም በራሱ ይሄዳል። በዐሥረኛው ቀን ሊነቃ ያለውን ልጅ በሰባተኛው ቀን ጸበል ብትወስደው፥ ጸበል አስነሣው ትላለህ። በሰባተኛው ቀን ክኒን ብትሰጠው፥ ክኒን አስነሣው ትላለህ። በሰባተኛው ቀን ጠንቋይ ዘንድ ብትወስደውና ቢነቃስ? ያን ጊዜ ክብሩን ለማን ልትሰጥ ነው? በመንቃቱ ብቻ የምንመሰክር ከሆነ በዚያው ሚዛን ለጠንቋዩም ምስክር ቆመናል።

እግዚአብሔር ተአምር ያደርጋል፤ በዚህ የሚጠራጠር ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ ያልተመረመረ ምስክርነት የእግዚአብሔርን ስም አያከብርም። ከሦስት ወር በኋላ እንቅልፉ ሲመለስ፥ ያ ሁሉ እልልታ ወዴት ይሄዳል? እኔ አይቻለሁና ልናገር፤ እልልታው ተመልሶ የልጁና የእናቱ ክስ ይሆናል። «እምነት አጐደላችሁ፤ ንስሓችሁ ሙሉ አልነበረም፤ የደበቃችሁት ኃጢአት አለ» ይባላሉ። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የነደደው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)።

መጽሐፍና አባቶች ምን ያስተምራሉ?

በ81 ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳስገኘና ብልህ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ቅደም ተከተሉንም አስቀምጦልናል፤ የታመመ ሰው ይጸልይ፥ ከኃጢአቱ ይንጻ፥ መባውን ያቅርብ፥ ከዚያም ለሐኪም ስፍራ ይስጥ። አንዱ ሌላውን አልሻረውም። እኛ ግን ከአራቱ ሦስቱን ይዘን አራተኛውን ጣልን፤ ይህንም መጣል እምነት አልነው።

ሊቲየም ራሱ ከዚህ የመጽሐፍ ቃል ጋር እንዴት እንደሚስማማ ተመልከቱ። ስሙ የመጣው ድንጋይ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ በ1817 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተገኘውም ከድንጋይ ውስጥ ነው። በአገራችንም በጉጂ ምድር በቀንጢቻ ይህ ማዕድን አለ። በ1949 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ለአእምሮ ሕሙማን እንደሚጠቅም ገለጠ። ይህን ድንጋይ በምድር ሆድ ያኖረው ማን ነው? ዲያብሎስ አንዲት ጠጠር እንኳ አልፈጠረም። እግዚአብሔር ከምድር ያወጣውን መናቅ የፈጣሪን ስጦታ መናቅ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የዕድሜውን መጨመር ከእግዚአብሔር ዘንድ ነገረው፤ ከዚያ በኋላም የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያኖሩለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ተስፋው ከተሰጠ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ተስፋው መድኃኒትን የሚጠላ ስላልሆነ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድውይ ፈወሰ፤ ጢሞቴዎስን ግን ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው (1ጢሞ. 5፥23)። ጢሞቴዎስ እምነት ጐድሎት ነበርን? ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ሐዋርያውም የተወደደው ሐኪም ብሎ ሲጠራው አላፈረበትም (ቈላ. 4፥14)። ሰማዕታቱ ቆዝሞስና ድምያኖስ በሕክምና ሙያቸው ያለ ዋጋ ድሆችን ያገለገሉ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ኅዳር 22 ቀን ታስባቸዋለች። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዓመት በከተማው አጠገብ ድውያን የሚታከሙበት ታላቅ ቤት አሠርቷል፤ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም ሕክምና እንደ እርሻ ሁሉ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን፥ ተስፋን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣልም ጨርሶ መናቅም እንደማይገባ አስተምሯል።

ሩቅ ሳንሄድ በዘመናችን የሆነውን እናስታውስ። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፥ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስተምረዋል። በመንበሩ የተቀመጡ አባት ካስተማሩ በኋላ፥ እኔን መሰል ዲያቆን ተነሥቶ ተቃራኒውን ሲናገር፥ ቀናኢነቱ ለማን ነው?

«ሐኪሞቹ ራሳቸው ፈውስ የለውም ይላሉ» ለሚሉ

ከተቃዋሚዎቼ ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ስለዚህ በቅንነት ልመልስ። እውነት ነው፤ ለዚህ ሕመም ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ አሁን አልተገኘም። የሕክምና ጥናቶችን መርምሮ የሚያወጣው የኮክሬን ቡድን ለዚህ ሕመም በዕጣ ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ የተደረገ አንድም የመድኃኒት ጥናት ሊያገኝ አልቻለም። ንቃት የሚሰጡት መድኃኒቶች እንቅልፉን በጥቂቱ ቢያቃልሉም የአእምሮውን ጭጋግ አይገፉም። ሊቲየምም የሚንቀው መድኃኒት አይደለም፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፥ ያስጠማል፥ ሽንት ያበዛል፥ በዘመን ብዛት የእንቅርት ዕጢንና ኩላሊትን ሊጐዳ ይችላል። በሚጠቅመው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። የደምን መጠን በየጊዜው የሚለካ ቤተ ሙከራ በሌለበት ሊሰጥ አይገባውም።

ታዲያ ለምን ይሰጣል? በፈረንሳይ አገር በ130 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ሊቲየም የወሰዱት ሕሙማን ካልወሰዱት ይልቅ የሕመሙ ምልልስ እንደቀነሰላቸውና እንዳጠረላቸው አሳይቷል። ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ ባለመሆኑ የመጨረሻ ማስረጃ አይባልም፤ ነገር ግን በራሱ በሚሄድ ሕመም ላይ «ተሻለው» ከሚል ወሬ በብዙ ይበልጣል፤ ያልታከሙትን ከታከሙት ጋር አነጻጽሯልና። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሊቲየምን መክሯል፤ ምክሩን ግን ቅድመ ሁኔታ ያለበት ብሎታል፤ ማለትም ሐኪምና ሕመምተኛ ጥቅሙንና ጉዳቱን አብረው ይመዝኑ ማለት ነው። እንግዲህ ሕመሙ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚመጣበት ልጅ ያለ መድኃኒት መጠበቅ ሊበጅ ይችላል። በየሦስት ወሩ ለሚወድቅ፥ ክፍል ለሚደግም፥ ከእኩዮቹ ለሚለይ ልጅ ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ ያዘነብላል።

ይህን መመዘን የሐኪሙና የቤተሰቡ ሥራ ነው። የእኔ አልነበረም። «ፈውስ የለውም» የሚለው ቃል «አትታከም» ወደሚለው አያደርስም፤ ደዌውን ፈጽሞ ባያጠፋም ሸክሙን የሚያቀል ነገር ምሕረት ነው። ደጉ ሳምራዊ በቍስሉ ላይ ዘይትና ወይን ሲያፈስስ (ሉቃ. 10፥34) የቈሰለው ሰው በዚያች ሰዓት አልተነሣም፤ በእንስሳ ተጭኖ፥ በእንግዳ ማረፊያ ተኝቶ፥ በሌላ ሰው ገንዘብ ታክሟል። ጌታችን ግን ይህን ምሕረት ብሎ አስተማረበት።

ለሌላውም ወገን አንድ ቃል

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «አያችሁ፥ ጸበል ጉዳት ነው» የሚል ወንድም ቢኖር በስሜ አይናገር። ተምረናል የሚሉ አንዳንዶች በግቢያችንም በሐኪም ቤትም ጾምንና ጸበልን ሲያላግጡ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለው ሐኪም በሽተኛው እንዲዋሸው አድርጎታል፤ እናቲቱ መጾሙን የደበቁት ለምን ሆነና? ክርስቲያኑ በጸበል የሚፈልገው የደምን መጠን ማስተካከል ብቻ አይደለም፤ ብቻውን አለመሆኑን፥ ሕመሙ ከእግዚአብሔር ፊት እንዳላራቀው ነው። ይህን የሚሰጥ ክኒን የለም። የሰይጣን ውጊያም እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች፥ ትዋጋዋለችም። ነገር ግን ውጊያውን ማወቅ ማለት በእያንዳንዱ ሕመም ላይ የእርሱን ስም መጥራት አይደለም። እንዲህ ማድረግ እንዲያውም ያልሠራውን ሥራ ለእርሱ መስጠት ነው።

ከእኛ የሚጠበቅ

አንደኛ፥ የሚተኛውን ልጅ አንፍረድበት። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ መልአኩ ስንፍናውን አልወቀሰም፤ ዳሰሰው፥ እንጀራና ውኃም አቀረበለት፥ መልሶ ሲተኛም ታገሠው (1ነገ. 19፥5-7)። አውጤኪስ የተባለው ጎበዝ ጳውሎስ እያስተማረ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ፤ ሐዋርያው ወርዶ አቀፈው እንጂ ስብከቴን ናቅህ አላለውም (ሐዋ. 20፥9-10)። በሕመሙ ሰዓት የተናገረውን ነውርና የሻረውን ጾም እያነሣን አናሳፍረው፤ አእምሮው ከእርሱ ጋር አልነበረችምና።

ሁለተኛ፥ ሲነቃ ዓለም ለምን እንደ ራቀችው እንረዳለት። በተረፈ ባሮክ እንደምናነበው አቤሜሌክ ከ66 ዓመት እንቅልፍ ነቅቶ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ ከተማይቱ ጠፋችው፤ መንገድ የሳተ መሰለው። ያገኘው ሽማግሌ እብድ ነህ ብሎ አላባረረውም፤ የሆነውን ነገር አስረዳው። ለዚህ ልጅ ያንን ሽማግሌ ልንሆንለት ይገባል፤ ያመለጠውን ትምህርት ጽፈን እንጠብቀው፥ ያልፈውን መዝሙር እናስጠናው።

ሦስተኛ፥ ሕመሙ በመጣ ጊዜ በግድ አንቀስቅሰው፥ ብቻውንም አንተወው። በቤቱ ሰው ይጠብቀው፤ ውኃና ምግብ በአጠገቡ ይኑር። በደኅንነቱም ወራት እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ እንደሚቀሰቅሱት አውቀን ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቁም አንበለው፥ በማኅበር ጠላና ጠጅ አናቅርብለት። ይህን በራሱ ፈቃድ ሳይሆን በንስሓ አባቱ ምክር ያድርገው፤ በሌሊት ባይቆም ነግህ ያስቀድሳል።

አራተኛ፥ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ለንስሓ አባቱና ለሐኪሙ እውነቱን ይንገር። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ በሕመም ለደከመ ሰው ይራራል፤ ሥርዓቱ ከእኛ ይልቅ ርኅሩኅ ነው። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪሙ ምክር ከውኃ አይከልከል፥ እያስመለሰ አይቀጥል፥ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻም ከየመደብሩ ገዝቶ አይዋጥ፤ እነዚህም የሊቲየምን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጉታልና። መጠመቅ ይችላል፤ እምነቱን ለማሳየት ግን በጀሪካን መጠጣት አያስፈልገውም፤ ጸበሉ በጠብታም ጸበል ነው።

አምስተኛ፥ ይህ ለእኛ ለአገልጋዮች ነው። ያልተማርነውን አንመልስ። «አላውቅም፤ አባቶችን ልጠይቅ፤ እርስዎም ሐኪሙን ይጠይቁ» የምትለው አጭር መልስ እምነትን አታጐድልም። እኔ ያን ቀን እርስዋን ብናገር ኖሮ አንድ ልጅ ከሞት ደጅ ባልደረሰ ነበር።

ልጁ ዛሬ በሕይወት አለ። መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን እንደገና ተጀምሮለታል፤ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ አንድ ጊዜ መጥቶበታል፤ አምስት ቀን ቈይቶ ለቀቀው። ይህ በመድኃኒቱ ይሁን በሌላ ምክንያት አልፈርድም፤ ከላይ የጻፍሁትን ሚዛን ለራሴም ልጠቀምበት ይገባልና። በአዲሱ ዓመት መባቻ ወደ እናቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ምንም አላሉኝም፤ ክኒኑን ከጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ አስቀምጠው አሳዩኝ። «አሁን አልደብቀውም» አሉኝ።

ያ ክኒን በዚያ ስፍራ መቀመጡ ለእኔ ትምህርት ሆኖኛል። በየቤታችሁ የተደበቀ መድኃኒት ያላችሁ ሁሉ አውጡት፤ ከጸሎት መጽሐፋችሁ አጠገብ አኑሩት። ስትውጡትም አማትቡበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።